የአእምሮ ጤና መረጃ በኢንተርኔት፦ አፈላለጉና አመዛዘኑ

ስለ ሥነ ልቦናና ስለ አእምሮ ጤና ጥያቄ የገጠመው አንባቢ ዛሬ ከሐኪምም፣ ከንስሐ አባትም፣ ከጓደኛም አስቀድሞ የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ስልኩም መልስ አያጣም። ችግሩ የሐኪሙ፣ የነጋዴው፣ የአነቃቂ ንግግር አቅራቢውና የአሉባልተኛው ቃል በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ አንዱ ከሌላው ባልተናነሰ እርግጠኝነት ተደርድሮ መቅረቡ ነው። ይህ መመሪያ የሕክምና ትምህርት ሳይኖረው እነዚህን ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ደረጃዎቹ በተግባር እንዲታዩ አንድ አባባል ይዞ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። አባባሉ በማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች በተለያየ መልክ የሚዘዋወር ነው፦ «ድባቴ በሴሮቶኒን ማነስ እንደማይመጣ ሳይንስ አረጋግጧል፤ ስለዚህ የድባቴ መድኃኒት ማታለያ ነው።» ድባቴ ማለት ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ የዕለት ኑሮን የሚያውክ የስሜት መውደቅ ወይም የፍላጎት መጥፋት ዋና ምልክቱ የሆነ ሕመም ነው፤ ሴሮቶኒን ደግሞ የአንጎል ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው።

ለሥራው ስማርት ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ማስታወሻ ደብተርና ጥድፊያ የሌለበት አንድ ሰዓት ይበቃሉ። መጠነኛ የእንግሊዝኛ ንባብ ቢኖር ይረዳል፤ ባይኖርም የስልኩን መተርጎሚያ መጠቀምና የተጠረጠረውን ቃል እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ቤተሰብ ማሳየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍለጋው በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ጥያቄውን ያስነሣው ሰው ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ምግብና ውኃ የተወ ወይም ሌላውን ለመጉዳት የሚዝት ከሆነ ጉዳዩ የመረጃ ሳይሆን የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነውና ስልኩን አስቀምጠው፣ ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ፣ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። በአሜሪካ የሚኖሩ 988 ደውለው በአስተርጓሚ መነጋገር ይችላሉ፤ በእስራኤል ኤራን የተባለው የእርዳታ የስልክ መስመር ቁጥር 1201 ነው።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

ስልኩን ከመክፈትዎ በፊት ጥያቄውን በደብተር ላይ ያስፍሩ። ያልተጻፈ ጥያቄ ፍለጋው እየገፋ በሄደ ቁጥር ቅርጹን ይለውጣል፤ ስለ ወንድሙ እንቅልፍ ማጣት ሊጠይቅ የተነሣ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የራሱን ጠባይ በቪዲዮ ሲመረምር የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ስንት አባባል እንዳለ ይቁጠሩ። በምሳሌነት የተያዘው አባባል አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ነው፦ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ አይመጣም የሚል የመንሥኤ ጉዳይ፣ መድኃኒቱ አይሠራም የሚል የውጤት ጉዳይ፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያያይዘው «ስለዚህ» የተባለው ቃል። የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አሳሳች ጽሑፍም የሚሠራው እንዲህ እውነቱንና ሐሰቱን በአንድ «ስለዚህ» በመስፋት ነው።

እዚህ ላይ የሚዘወተረው ስሕተት መልሱን በጥያቄው ውስጥ አስገብቶ መጠየቅ ነው። «የድባቴ መድኃኒት ጉዳት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ጉዳቱን ብቻ፣ «የድባቴ መድኃኒት ፈውስ» ብሎ የሚፈልግም ፈውሱን ብቻ ያገኛል፤ ጎግልም ሆነ ዩቲዩብ ታዛዥ እንጂ ዳኛ አይደለምና የተጠየቀውን ያመጣል። «የድባቴ መድኃኒት ምን ያህል ይረዳል» የሚለው ወደ የትም ወገን ስለማያዘነብል ከሁለቱም ይሻላል።

2. የፍለጋ ቃላትን ማዘጋጀት

አማርኛ አንባቢ ከሌላው ይልቅ የሚቸገረው በዚህ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የመጀመሪያው ችግር ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። «አእምሮ» ብሎ የጻፈ ሰው «አዕምሮ» ወይም «አይምሮ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ «ሥነ ልቦና»፣ «ስነ ልቦና» እና «ስነልቦና» የተለያየ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ፤ «መድኃኒት»፣ «መድሃኒት» እና «መድሀኒት»ም እንዲሁ። ስለዚህ ዋናውን ቃል በሁለትና በሦስት አጻጻፍ እየለወጡ ይሞክሩ። ደንብን ጠብቆ የተጻፈው ቃል የተሻለ ጽሑፍ ያመጣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም «ሀኪም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ አጭበርባሪም ፊደል ላይሳሳት ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የቃሉ ትርጉም ነው። «ድብርት» በዕለት ንግግር መሰልቸትንም ስለሚያመለክት ፍለጋው ከሕመሙ ይልቅ ዘፈንና ቀልድ ሊያመጣ ይችላል፤ በባለሙያዎች ጽሑፍ እየተለመደ የመጣው «ድባቴ» ይሻላል። «ጭንቀት» የሚለው ቃል ደግሞ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሸከማል፦ በሥራና በኑሮ ጫና የሚመጣውን ውጥረት፣ ማንኛውንም ሰው የሚይዘውን የዕለት ሥጋት፣ እንዲሁም እንግሊዝኛው አንግዛይቲ የሚለውን፣ ሲበረታና ሲረዝም ሕክምና የሚያሻውን የፍርሃት ሕመም። ለመጀመሪያው የተጻፈ ምክር ለሦስተኛው አይበቃም። «እብደት» ብሎ መፈለግም ፊልምና ስድብ እንጂ መረጃ አያስገኝም፤ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር በእንግሊዝኛ ስማቸው በአማርኛ ፊደል ቢጻፉ ይሻላል፣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎችም በዚሁ ስም ይጠቀማሉ።

ሦስተኛውና ቁልፉ ነገር የሕመሙን የእንግሊዝኛ ስም ከነፊደሉ መያዝ ነው፤ በጉዳዩ ላይ የተሠራው ጥናት አብዛኛው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና። ሕክምና የጀመረ ሰው ወይም አስታማሚው የሕመሙንና የመድኃኒቱን ስም በጉልህ የላቲን ፊደል እንዲጻፍለት ባለሙያውን መጠየቅ መብቱ ነው። የመድኃኒት ስም ሲያዝ ደግሞ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የመድኃኒቱን የራሱን ስም፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሴቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የሚለውን ይውሰዱ። የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል፤ ይኼኛው ግን በየትኛውም አገር ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል።

3. ከታወቀ ተቋም መጀመር

ፍለጋን ከጎግል ገጽ መጀመር ግዴታ አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ተቋሙ መሄድ ጊዜም ዳታም ይቆጥባል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት እና የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ስለ እያንዳንዱ ሕመም ለተራ አንባቢ የተጻፈ፣ በነጻ የሚነበብ ገጽ አላቸው። በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው ሦስት ቦታዎች መነሻ ይሆኑታል፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው ሜድላይንፕላስ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተዘጋጁ ጽሑፎችን ሲዘረዝር አማርኛን ይጨምራል፤ በሲያትል ከተማ የሚገኘው ኢትኖሜድ ለኢትዮጵያውያን ታካሚዎች የተዘጋጁ ጽሑፎች አሉት፤ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ያለው የጤና ትርጉሞች ማውጫም አማርኛ ይዟል። ሦስቱም በዋናነት የተዘጋጁት በየአገሩ ለሚኖሩ ስደተኞች በመሆኑ የሕመሙ ገለጻ ለሁሉም ይሠራል፣ ስለ ክፍያና ስለ ቀጠሮ የሚሰጡት መረጃ ግን ለአዲስ አበባ ወይም ለባሕር ዳር ነዋሪ አይሆንም። ስለ አገር ውስጥ አገልግሎት የጤና ሚኒስቴርንና የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ገጾች መመልከት ይሻላል።

በጎግል መፈለግ ግድ ከሆነ ከላይ የሚመጡትና «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት ያለባቸው ውጤቶች የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች መሆናቸውን ይወቁ። የአድራሻው መጨረሻም ፍንጭ ይሰጣል፦ በ«ጎቭ» የሚያልቅ አድራሻ የአሜሪካ መንግሥት አካል፣ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» የሚለው የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ «ኦርግ»ን ግን ማንም ሰው በጥቂት ዶላር ሊገዛው ይችላል። «ኦርግ» ያየ አንባቢ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያገኘ ይመስለዋልና መታለሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በገጹ ላይ የተለጠፈ የጥራት ማኅተምም ብቻውን አይበቃም። የጤና ገጾችን እየመረመረ ማኅተም ይሰጥ የነበረው ሄልዝ ኦን ዘ ኔት የተባለው የጄኔቫ ድርጅት በ2022 መጨረሻ ሥራውን አቁሟል፤ ማኅተሙን ዛሬም ለጥፎ የሚገኝ ገጽ አሁን የሚቆጣጠረው የለም ማለት ነው።

4. ከገጹ ወጥቶ ስለ ገጹ መጠየቅ

ከደረጃዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ልምድ የሌለው አንባቢ አንድን ገጽ ሲመዝን እዚያው ገጽ ላይ ተቀምጦ አጻጻፉን፣ ውበቱን፣ የግርጌ ማስታወሻውንና «ስለ እኛ» የሚለውን ክፍል ይመረምራል። «ስለ እኛ» ግን ሰው ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት ነው፤ ራሱን የሚከስ ደግሞ አይገኝም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ የታሪክ ምሁራንን፣ ተማሪዎችንና በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችን አንድ ዓይነት ገጾች ሰጥተው ሲያወዳድሩ፣ በፍጥነትም በትክክለኛነትም የበለጡት አጣሪዎቹ ነበሩ፤ ምክንያቱም የመጡበትን ገጽ ብዙ ሳያነቡ ትተው፣ አዳዲስ መስኮቶች ከፍተው፣ ሌሎች ስለዚያ ገጽ ባለቤት ምን እንደሚሉ ይፈልጉ ነበር። ከተሰጧቸው ገጾች መካከል የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ የተባሉት ድርጅቶች ገጾች ነበሩ። ስማቸው ለጆሮ መንታ ይመስላል፤ የመጀመሪያው በ1930 የተመሠረተ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት የሙያ ማኅበር ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2002 ከእርሱ ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው። ይህን ከገጾቹ መልክ ማወቅ አይቻልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የጸሐፊውን ወይም የድርጅቱን ስም ቀድተው በአዲስ መስኮት ይፈልጉ፤ ከራሱ ገጽ ውጭ የተጻፉ ሦስት አራት ውጤቶችን ይመልከቱ፤ ከዚያ ሁለት ነገር በደብተር ይጻፉ፣ ሙያው ምንድን ነው፣ የሚሸጠውስ ምንድን ነው። የምሥክር ወረቀት ያለው ሰውም ቢሆን በገጹ ላይ ኮርስ፣ መጽሐፍ ወይም ዱቄት የሚሸጥ ከሆነ ቃሉ ሌላ ምስክር ይፈልጋል።

የሙያ ስሞች መምታታትም በዚህ ደረጃ ይፈታል። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ሆኖ በአእምሮ ሕክምና የተካነ፣ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ሕክምናና በምርመራ መጠይቆች የሚሠራ እንጂ በአብዛኛው መድኃኒት የሚያዝ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ብዙውን ሥራ የሚሸከሙት ደግሞ የሳይካትሪ ነርሶችና በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው። «ዶ/ር» የሚለው መጠሪያ ብቻውን ከእነዚህ የትኛውንም አያረጋግጥም፤ በኢኮኖሚክስም «ዶ/ር» መባል ይቻላልና። አነቃቂ ንግግር አቅራቢ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ንግግሩ ለሚያዳምጠው ሰው ብርታት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሕመምና ስለ መድኃኒት ሲናገር ግን ማንም መንገደኛ ከሚናገረው የበለጠ ክብደት አይሰጠውም። ቪዲዮ ብዙ ሰው ስላየው ትክክል እንደማይሆንም ተፈትኗል፦ በ2022 በካናዳ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ ትኩረት ስለማጣትና ያለልክ ስለመቅበጥበጥ ሕመም በቲክቶክ ላይ በብዛት የታዩ 100 ቪዲዮዎችን መርምሮ 52ቱ አሳሳች ሆነው አግኝቷል።

5. እስከ ምንጩ መውረድ

«ሳይንስ አረጋግጧል» የሚል ቃል ሲገኝ ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው ጥናት፣ በማን፣ መቼ የሚል ነው። ጥናቱ ካልተጠቀሰ ፍለጋው እዚያው ይቁምና አባባሉ «ምንጭ የለውም» ተብሎ ይመዝገብ። ከተጠቀሰ ርዕሱን ወይም የጸሐፊውን ስም በፐብሜድ ላይ ይጻፉ። ፐብሜድ የሕክምናና የጤና ጥናቶች የሚዘረዘሩበት ነጻ ማውጫ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጥናት አብስትራክት የሚባለውን፣ ማለትም የጥናቱን ዓላማ፣ አሠራርና ውጤት በአንድ አንቀጽ የያዘ ማጠቃለያ ያሳያል፤ ሙሉው ጽሑፍ በነጻ የሚገኝ ከሆነም ወደዚያው ይመራል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ያሉ ሰዎች የሚከፈልባቸውን መጽሔቶች ሂናሪ በተባለው የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም በኩል ማግኘት ስለሚችሉ፣ ተማሪ ዘመድ ያለው አንባቢ ሙሉውን ጽሑፍ እንዲያወርድለት ሊጠይቅ ይችላል።

የሴሮቶኒኑ አባባል ምንጭ ሲፈለግ የሚገኘው፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በጆአና ሞንክሪፍ መሪነት ተሠርቶ በ2022 ሞለኪውላር ሳይካትሪ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ጥናቱ ቀደም ሲል የተደረጉ ግምገማዎችን እንደገና የገመገመ ሲሆን፣ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ ይመጣል ለሚለው አሳብ ወጥ የሆነ ማስረጃ አለመገኘቱን ይናገራል። እንግዲህ የአባባሉ የመጀመሪያ ክፍል ምንጭ አለው። ጥናቱ ግን መድኃኒቶቹ ይሠሩ እንደሆነ ወይም አይሠሩ እንደሆነ የመረመረ አይደለም። ይህን ጥያቄ የመረመረው ሌላ ጥናት ነው፦ በአንድሬያ ቺፕሪያኒ መሪነት በ2018 በላንሴት መጽሔት የወጣው ግምገማ 522 ሙከራዎችንና 116,477 ተሳታፊዎችን አሰባስቦ፣ የተፈተኑት 21 መድኃኒቶች ሁሉ በጎልማሶች ላይ ከፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት ከሌለበት አምሳያ ክኒን፣ የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን አገኘ። ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ ሙከራዎቹም በብዛት ለሁለት ወር ገደማ የተደረጉ ናቸው፤ እነዚህም በደብተሩ ላይ ይጻፉ። ራስ ምታት የሚመጣው ከፓራሲታሞል እጥረት አይደለም፤ ፓራሲታሞል ግን ያስታግሰዋል። የመድኃኒት አሠራርና የሕመም መንሥኤ አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት ከዚህ የራቀ ምሳሌ አያስፈልግም።

ምንጩ ከተገኘ በኋላ ጥናቱ አለመሻሩን ማየት ይገባል። መጽሔት ስሕተት ወይም ማጭበርበር ያገኘበትን ጥናት ሲሽር ፐብሜድ በርዕሱ አካባቢ በግልጽ ይጽፋል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ በ1998 የወጣው በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ነበር፤ ላንሴት በ2010 ሽሮታል፤ ጽሑፉን እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱ ግን ዛሬም አሉ።

6. የጥናቱን ክብደትና የተጠኑትን ሰዎች ማየት

ጥናት ሁሉ እኩል አይመዝንም። የአንድ ታካሚ ታሪክ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ አይመልስም፤ በአንድ ጊዜ የተደረገ የመጠይቅ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያሳይም፤ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ሕክምናውን ለሌላው አምሳያውን የሚሰጥ ሙከራ መንሥኤን ለማወቅ ይረዳል፤ እንዲህ ያሉትን ሙከራዎች አሰባስቦ የሚመዝን ግምገማ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቆማል። የመጨረሻውን ዓይነት ለሚፈልግ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የየግምገማውን ፍሬ ነገር በቀላል ቋንቋ አዘጋጅቶ በነጻ ያቀርባል። ከአንድ ብቸኛ ጥናት መጠንቀቅ በተለይ በሥነ ልቦና ዘርፍ ምክንያት አለው፦ በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሲያካሂድ፣ በስታቲስቲክስ ጉልህ የሆነ ውጤት የታየው በድጋሚዎቹ 36 በመቶ ላይ ብቻ ነበር። «አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚለው የተለመደ አባባልም ሲመረመር አይጸናም፤ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 ባሳተሙት ጥናት የወሰደው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የተጠኑት ሰዎች እነማን ናቸው የሚለው ይመጣል። ፒ ኤች ኪው 9 የተባለው የድባቴ መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ ይሰጣል፤ በምዕራባውያን ጽሑፍ ጥርጣሬን የሚያስነሣው መነሻ በአብዛኛው 10 ነው። የአማርኛው ቅጂ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ሲፈተን 10 ተስማሚ ሆኖ ሲገኝ፣ በጉራጌ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ሲፈተን ግን የተሻለው መነሻ 5 ሆነ። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ከተማና ገጠር እንዲህ ከተለያዩ፣ በአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተገኘን ውጤት ለመርካቶ ነጋዴ ሳይመረምሩ ማልበስ አይገባም። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል በፍለጋው ላይ መጨመር የአገር ውስጥ ጥናቶችን ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትና በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታተመው የጤና ሳይንስ መጽሔትም ይረዳሉ።

7. ቀኑን መመልከት

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ «2010» የሚል ዓመት ቢገኝ አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ሊሆን ስለሚችል፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን 2017 ወይም 2018 ማለት ይሆናል፤ ሳይጠይቁ ጽሑፉን አሮጌ ብሎ መጣልም፣ አዲስ ብሎ መቀበልም ስሕተት ነው። ቀን የሌለው ገጽ ደግሞ ከይዘቱ ይታወቃል። አስፐርገርን ራሱን የቻለ ምርመራ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መጠሪያውን በኦቲዝም ሥር ካጠቃለለበት ከ2013 በፊት የተጻፈ ወይም ከዚያ ወዲህ ያልታደሰ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች አመዳደብ 11ኛ ዕትምም በሥራ ላይ የዋለው ከ2022 ጀምሮ ነው።

8. ከመጠይቆችና ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር በጥንቃቄ መሥራት

በኢንተርኔት የሚሞላ የአእምሮ ጤና መጠይቅ ጥርጣሬን ያስነሣል እንጂ ምርመራን አይተካም፤ ከፍተኛ ነጥብ በታይሮይድ እጢ ሕመም፣ በደም ማነስ ወይም በቅርብ ኀዘን ምክንያትም ሊመጣ ይችላል። ስምና ስልክ ቁጥር ሳይሰጡ ውጤቱን የማያሳይ መጠይቅ ከተገኘ ይዝጉት። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ትልቅ ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፎ ሰጥቷል በሚል 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ቃላትን ለማብራራት፣ የእንግሊዝኛ አብስትራክትን በአማርኛ ለማቅለል ይጠቅማሉ። ጥናት ሲጠቅሱ ግን ያልተጻፈ ርዕስ ከእውነተኛ የተመራማሪ ስም ጋር አጋጥመው ማቅረባቸው የታወቀ ስለሆነ፣ የጠቀሱት እያንዳንዱ ርዕስ በፐብሜድ ላይ መኖሩ ይረጋገጥ፤ ካልተገኘ የተመሠረተበት መልስም ይጣላል። በአማርኛ ከተጠየቁ ደግሞ ውጥረትን፣ ጭንቀትንና ድባቴን ሊያምታቱ ስለሚችሉ የእንግሊዝኛውን ስም ጨምሮ መጠየቅ ይገባል።

9. ፍርዱን ጽፎ ወደ ባለሙያ መውሰድ

በመጨረሻ በደብተሩ ላይ አባባሉ፣ ምንጩ፣ የተጠኑት ሰዎችና ፍለጋው የተደረገበት ቀን ይስፈሩ። ይህ ማስታወሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አጭሩን የቀጠሮ ጊዜ ያተርፋል፦ «በኢንተርኔት አየሁ» ከማለት ይልቅ «ይህ ጥናት እንዲህ ይላል፣ ለእኔ ይሠራል ወይ፣ የሚወሰደውስ እስከ መቼ ነው» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ሰው በቪዲዮም ሆነ በጽሑፍ፣ በዘመድም ሆነ በሌላ ሰው ግፊት በድንገት ማቆም የለበትም፤ የድባቴ መድኃኒቶች ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃሉ፣ በድንገት ሲቋረጡ ደግሞ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና መረበሽ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ የሚቀነሱት በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ወይም ጸሎት የሚያስደርግ ታካሚ ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገረው፤ መድኃኒቱን እንዲጥል የሚያዝዘው ገጽ ግን ከየትኛውም ወገን ቢሆን ከታማኞቹ ዝርዝር ይውጣ።

በምሳሌነት የተያዘው አባባል በዚህ መንገድ ሲፈተን በደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ፍርድ አጭር ነው፦ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ ይመጣል የሚለው አሳብ ጽኑ ማስረጃ የለውም፤ መድኃኒቶቹ ከአምሳያ ክኒን የተሻሉ መሆናቸው ግን በብዙ ሙከራ ታይቷል፤ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ይሰረዛል። ይህንኑ ጽፈው መልእክቱን ለላከልዎ ሰው፣ በቡድኑ ፊት ሳያሳፍሩት፣ በውስጥ መስመር ይላኩለት።